ያለ ጓንት

የብርጓል ውሃ ታፈሳለች፤ ባሏ እንዳላማው ጎንበስ ብሎ ይታጠባል። ፀሐይ ገና ደጃፉ ላይ አልደረሰችም። እጁን በእንዶድ ታሸዋለች፤ ጥፍሩ ሥር የገባውን የሞተር ዘይት በስንጥር ታወጣለች። ጓዳ ውስጥ ለማኅበሩ የተጠመቀው ጠላ ተጣርቶ ተቀምጧል። የግንቦት ሚካኤል ተረኞች እነሱ ናቸው።

«ሙሽራ ሆኜም እንዲህ አልታጠብሁ።»

«ዝም ብለህ ዘርጋ።»

እንዳላማው በጣሊያን ጋራዥ ይሠራል። ወዶ አልገባም። በፊት የአንድ ግሪክ ነጋዴ የወፍጮ ሞተር ያስነሳ ስለነበር፣ ጣሊያን ደብረ ማርቆስ ሲገባ ሞተር የሚያውቅ ሰው ተፈለገና ስሙ ተጠቆመ። አሁን በሞተር ብስክሌት ዕቃ ያመላልሳል። ዛሬም ጨሞጋ ድልድይ አጠገብ ለቆመ ካሚዮን መለዋወጫ ያደርሳል፤ ቀትር ላይ ይመለሳል።

እጁን ያደርቅና የቆዳ ጓንቱን ከግድግዳው እንጨት ላይ ሊያነሳ ሲል የብርጓል ትቀድመዋለች።

«ዛሬ ይቅር።»

«ለምን?»

«ለምን እንደሆነ ታውቃለህ።»

ያውቃል። በዚህ ሐሩር እጁን የሚሸፍን ሰው የሚደብቀው ነገር አለው ተብሏል። ቁምጥና ነው ተብሏል። ባለፈው ማኅበር ጎረቤታቸው ጥሩነሽ እሱ የጠጣበትን ዋንጫ ለብቻው አኑራ በአመድ ስታሸው የብርጓል አይታለች። ዛሬ ደግሞ ጽዋውን ለሚቀጥለው ተረኛ በእጁ የሚያቀብለው እሱ ነው። የሚቀበለው ከጠፋ ከማኅበሩ ወጡ ማለት ነው፤ ከማኅበር ለወጣ ቤት እሳት የሚሰጥ ጎረቤት የለም።

«ፀሐይ ስትበረታ እጅ ያልበዋል፤ መሪው ያዳልጣል» ይላል እንዳላማው፣ ሊያስረዳት እንጂ ሊጣላት አይደለም። «ሰው ሲወድቅም የሚያስቀድመው እጁን ነው። ጓንቱ ለዚያ ነው እንጂ ለብርድማ ቢሆን በግንቦት ምን አደርገዋለሁ?»

«መቼ ወድቀህ ታውቃለህ?»

«አልወደቅሁም።»

«እንግዲያ! ስትመለስ በገበያው መሀል ቀስ ብለህ እለፍ። እጅህን ይዩት። ለዛሬ ብቻ፣ ስለ ሚካኤል።»

ስለ ሚካኤል ከተባለ አይከራከርም። ሁለት እጆቹን አገላብጦ ያሳያታል፤ ይስቃል፤ ይወጣል።

ቀትር ላይ ማኅበርተኛው ተሰብስቧል። የነፍስ አባታቸው አባ ወልደ ሩፋኤል ከመደቡ ራስ ተቀምጠዋል። ጥሩነሽም መጥታለች፤ የተቀመጠችው ግን በሩ አጠገብ ነው።

«እንዳላማው የት ቀረ?» ይላሉ አባ።

«ይደርሳል አባ። ሥራ ልከውት ነው።»

«ጣሊያን እንደሆነ በዓል አያውቅ» ትላለች ጥሩነሽ። «ለሱ ሁሉም ቀን ሰኞ ነው።»

ሳቁ ሳያልቅ በሩ ይጨልማል። ሙላት የሚባለው ማኅበርተኛ እንዳላማውን በብብቱ ደግፎ ያስገባል። እንዳላማው ሁለት እጆቹን ደረቱ ፊት ይዟል። ደሙ በክርኑ ይንጠባጠባል።

«ገበያውን በደህና አልፎ ነበር» ይላል ሙላት። «ሰው ሁሉ ቆሞ ሲያየው ነበር። ቁልቁለቱ ላይ መሪው አመለጠው። ኮረቱን በመዳፉ ነው የጠረገው፣ እናንተ!»

ሁሉም የእንዳላማውን እጆች ያያል።

መጀመሪያ የምትነሳው ጥሩነሽ ናት። ለብ ያለ ውሃ በጨው በጥብጣ ታመጣለች፤ ፊቱ ትንበረከካለች፤ እጁን በሁለት እጇ ትይዛለች።

«እቴ ጥሩነሽ፣ አትፈሪም?» ይላል እንዳላማው።

ጥሩነሽ አንገቷን ትደፋለች። «አፍ ይቆረጥ» ትላለች፣ ለራሷ ያህል።

የብርጓል መርፌ ይዛ ትቀርባለች። የመዳፉ ቆዳ ተገሽልጦ ሄዷል፤ ሥጋው ውስጥ ጥቁር ጠጠር ተሰግስጓል። አንድ በአንድ ትለቅማለች። ጥፍሮቹ ጠዋት እንዳጸዳቻቸው ናቸው።

«ልጄ፣ ያ ሁልጊዜ የምታጠልቀው ጓንትህስ?» ይላሉ አባ።

የብርጓል መርፌውን ታቆማለች።

እንዳላማው ጣሪያውን ያያል። «ረሳሁት አባ። በዓሉ እንዳይቀርብኝ ስቸኩል ረሳሁት።»

«ይህም ይረሳል?» ትላለች ጥሩነሽ። እያለቀሰች ነው። «የብርጓልስ፣ ምነው አንቺ እንኳ ብታስታውሽው?»

አሁን መናገር ይቻላል። አንድ ቃል ይበቃል። የብርጓል አፏን ትከፍታለች። የእንዳላማው ጉልበት ጉልበቷን ነካ ያደርጋል፤ ዝም በይ ማለቱ ይሁን ሕመሙ ይሁን አታውቅም። ዝም በይ እንዳላት አድርጋ ትወስደዋለች።

«ሲወጣ አላየሁትም» ትላለች። መርፌው ወደ ሥጋው ይመለሳል።

ጥሩነሽ የራሷን ነጠላ ቀድዳ ሁለቱንም እጆቹን እስከ አንጓው ትጠቀልላለች። ጽዋውን በባሏ ፈንታ የብርጓል ታነሳለች፤ የሚቀጥለው ተረኛ ሙላት ነው፤ ሳያመነታ ይቀበላታል። ጠላው ይቀዳል። ለእንዳላማው የቀረበው ዋንጫ ከአፉ ሲመለስ ያው ዋንጫ ለሌላው ይዞራል፤ ማንም አይለየውም። የብርጓል ጠዋት የፈለገችው ሁሉ ሆኗል።

አባ ወልደ ሩፋኤል ይነሳሉ። «አቡነ ዘበሰማያት» ይላሉ።

ማኅበርተኛው ይቆማል፤ ሁሉም መዳፉን ወደ ላይ ይዘረጋል። የማረሻ እርፍ ያሻከረው መዳፍ፣ ጌሾ ያጠቆረው መዳፍ፣ ከመደቡ እስከ በሩ ተደርድሯል። የብርጓልም የራሷን ትዘረጋለች።

ከዚያ ሁሉ መዳፍ መሀል የእንዳላማው ሁለቱ የሉም።