ከቤት ያደረው ባትሪ

የሴትየዋ መኪና ጠዋት ጠዋት በብርድ አልነሳም ማለት ከጀመረች ሳምንቷ ነው። መኪናዋን የሸጠላት ድርጅት መካኒክ፣ «እትዬ፣ ሞተሩ ካልተቀየረ በከንቱ አይድከሙ» አላት።

«ፀሐይ ሲነካት እየተነሳች? ብርዱ ባትሪውን ነው የገደለው፤ አልቀይርም!» ብላ ድርቅ አለች።

ታናሽ እህቷ ግን በዚሁ ጣጣ የኩላሊት እጥበቷ ሁለቴ አምልጧታል። ነገም ከቀረች ሐኪሙ ተስፋ አልሰጣትም።

ሴትየዋ ሌላ መላ ብታጣ፣ ባትሪውን ፈትታ በብርድ ልብስ ጠቅልላ አልጋዋ ሥር አሳደረችው። ሲነጋ እንደ ሕፃን ታቅፋው ወጣች፤ እህቷም ግድግዳ ግድግዳውን ይዛ ተከተለቻት። የጋራዡን በር በእግሯ ገፋ ስታደርገው፣ የመኪናዋ ሞተር ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይሠራል።

እቅፏን አየች። ባትሪው አለ።

«እሰይ የኔ እናት፣ አስነሳሻት!» አለች እህቷ ከኋላዋ። የመኪናዋም በር ለእህትየዋ ከውስጥ ተከፈተላት።