ኮሽታ የሌለበት ቤት

ማህደር አሥራ አንደኛ ክፍል ሆና የኮሌጅ ኮርስ በኦንላይን ጀምራለች። ኮሌጁ በትምህርት ሰዓት በኮምፒውተሯ ማይክሮፎን ቤቱን ያዳምጣል፤ ኮሽ ባለ ቁጥር ከውጤቷ ይቀንሳል። የኮምፒውተሩ ቀይ መብራት ሲበራ እናቷ እታገኝ ሽንኩርት መክተፉን ትታ ሳሏን ሳይቀር በነጠላዋ ታፍናለች።

ዛሬ ትምህርቱ መሀል ላይ የሁለት ዓመቷ ታናሽ እህቷ ሶልያና ከወንበር ወደቀች። ግንባሯ ወዲያው አበጠ። አፏን በሰፊው ከፍታ፣ ዓይኗን ቀዩ መብራት ላይ እንደተከለች፣ ያለ ድምፅ አለቀሰች።

የእታገኝ ደም ፈላ። ልጇን በአንድ እጇ አቅፋ፣ በሌላው ዘነዘናውን አንስታ ባዶውን ሙቀጫ ትደልቀው ጀመር።

"እማዬ፣ ውጤቴን!" አለች ማህደር።

"ይቀንሱ! ሙልጭ አድርገው ይቀንሱ! አልቅሺ የኔ እናት፣ ጩኺ!"

ሶልያና ግን በትንሽዬ መዳፏ የእናቷን አፍ እፍን አድርጋ ያዘችው።