የድጎማው ቢሮ በር

የአካል ጉዳተኞች ድጎማ ሊቋረጥ ነው በተባለ ማግስት፣ ከሰልፈኞቹ ሁሉ ቀድሞ ቢሮው በር ላይ የደረሰው አንድ እግሩን ጦር ሜዳ ያጣ ሰውዬ ነበር። «ኃላፊውን ሳናይ አንሄድም!» እያለ በክራንቹ በሩን ደበደበው።

ዘበኛው በዱላ ትከሻውን አለው። ክራንቹን ነጥቆ ሰበረበት፤ ሲወድቅም አፉን በጫማው ረገጠው።

«ሰነፍ ሁላ! ሠርተህ አትበላም?»

ሰውዬው ደሙን ተፍቶ፣ የረገጠውን እግር በሁለት እጁ ጨምድዶ ያዘና ባለ በሌለ ኃይሉ ሳበው። ዘበኛው በጀርባው ተዘረረ። እግሩ ግን ከነጫማው ከጉልበቱ ተነቅሎ ሰውዬው እጅ ላይ ቀረ፤ ሰው ሠራሽ ነበር።



«በእናትህ» አለ ዘበኛው በሹክሹክታ፣ ወደ ኃላፊው መስኮት እያየ፤ «ሳያዩኝ መልስልኝ።»