ድምፁ ዝቅ ሲል

ሉኒንግኒንግ ራሷን በሁለት ስፒከሮች መካከል አስገብታ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ዘፈን የሚያጫውተውን ባለብዙ መብራት አምፕሊፋየር የድምፅ ማዞሪያ ወደ ታች መለሰችው። በማኒላው ራዖን ጎዳና ዕቃ የሚሞከረው የሱቁ ቆርቆሮ እስኪንቀጠቀጥ ተለቅቆ ነው፤ እሷ ግን እያሳነሰችው ሄደች።

«ልጄ፣ ልትገዢው ነው ወይስ እሹሩሩ ልትይው?» አሉ ባለሱቁ ማንግ ቴምዮንግ። ተራ የሚጠብቁት ደንበኞች በሳቅ ፈረሱ።

«ቤቴ ሕፃን አለ፣ ማንግ ቴምዮንግ። ዘፈን የማቀናብረው በሹክሹክታ ነው።»

ድምፁ ሊጠፋ ሲል የግራው ስፒከር ቀድሞ ደከመ፤ የዘፋኟም ድምፅ ወደ ቀኝ ሸሸ። ሉኒንግኒንግ ክው አለች። ቤቷ ያለውም ይኸው ዓይነት አምፕሊፋየር ነበር። ለካ እሱ ወደ ቀኝ ሲወስድባት፣ እሷ ለማቃናት ወደ ግራ ስትጎትት ኖራለች! ባለፈው ሳምንት የምትሠራለት ስቱዲዮ ሥራዋን «ወደ ግራ ያዘነብላል፤ ጆሮሽን ታከሚ» ብሎ መልሶባታል።

«እስቲ ያንን ያውርዱልኝ» አለች፣ ጥግ ላይ አቧራ የለበሰውን፣ መብራት እንኳ የሌለውን ርካሽ አምፕሊፋየር እያሳየች። ከስፒከሮቹ ጋር ሲያያዝላት ማዞሪያውን ቀጭ፣ ቀጭ እያደረገች አወረደችው። ድምፁ የትንፋሽ ያህል ቀረ። ሲስቁባት የነበሩት ለመስማት አንገታቸውን አሰገጉ። ማንግ ቴምዮንግ በዚያ ሙቀት ማራገቢያቸውን አጠፉ።

«ዘፋኟ የት ናት?» አለች ሉኒንግኒንግ ዓይኗን መልሳ ጨፍና።

ማንግ ቴምዮንግ ጣታቸውን ዘርግተው፣ በሁለቱ ስፒከሮች መካከል፣ ልክ የሉኒንግኒንግ አፍንጫ ላይ አነጣጠሩ።

«ይጠቅልሉልኝ» አለች ዓይኗን እየገለጠች። «ጆሮዬን ታክሜ ጨርሻለሁ።»