የፈረሱ ቀንድ

የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት አሮጊቷ፣ መደርደሪያው አናት ላይ የቆመውን የእንጨት ፈረስ ቀና ብለው አዩና ክው አሉ። ግንባሩ ላይ ቀንዱ የለም። ከተራ ፈረስ የሚለየው ያ አንድ ቀንዱ ነበር፤ በተረት መርዝ ያረክሳል የሚባልለት፣ የቤቱም አርማ የሆነው።

"ማነው የሰበረው?"

ፋርማሲስቱ እጁን ጋዋኑ ኪስ ውስጥ ከተተ። ቀንዱ እዚያ ነበር፤ ጠዋት ካርቶን ሲያወርድ በክርኑ ገጭቶ ሰብሮታል። "እኔ ነኝ" ሊል አፉን ሲከፍት የጽዳት ሠራተኛዋ ቀደመችው።

"እኔ ሳልሆን አልቀርም እትዬ። ትናንት ስወለውለው ነው መሰለኝ።"

"ስንቴ ልንገርሽ? ከነገ ጀምሮ እዚህ ድርሽ እንዳትዪ!"

"ይተዉአት እትዬ" አለ ፋርማሲስቱ፤ ድምፁ ለራሱ የሌላ ሰው መሰለው። "ሰው አይደለች? ትሳሳታለች።"

አሮጊቷ እያጉረመረሙ ወደ ውስጥ ገቡ። ሠራተኛዋ ዞር ብላ "እግዜር ይስጥልኝ ዶክተር፤ እርስዎ ባይኖሩ ምን ይውጠኝ ነበር?" አለችው። ከዚያም ቀንዱን ልትፈልግ ተንበርክካ ክንዷን ከመደርደሪያው ስር ሰደደች።

እሱም አጠገቧ ተንበረከከና፣ አንድ እጁን ከኪሱ ሳያወጣ፣ በሌላው አብሯት ይፈልግ ጀመር።