የኤሚል ኮፍያዎች

ዶሎረስ የቁርሱን ሳህን ልታነሳ ስትገባ አባቷ ዛሬም ብርቱካናማውን ኮፍያ አድርገው ተቀምጠዋል። መቆጣት እንኳ ጉልበት ይጠይቃል፤ እሷ ደግሞ ከሰነበተችበት ድካም የተረፋት ጉልበት አልነበረም።

ዛሬ ማታ የዓመቱ የቤዝቦል ፍጻሜ የመጨረሻ ጨዋታ ነው። ሰማያዊዎቹና ብርቱካናማዎቹ ከሰባቱ ጨዋታዎች ሦስት ሦስት ስላሸነፉ ዛሬ ያሸነፈ ዋንጫውን ይወስዳል። ለሰማያዊዎቹ ኳስ የሚወረውረው ደግሞ የአባቷ የኤሚል ልጅ፣ ወንድሟ ረስል ነው። ትከሻው አልቋል፤ ከዛሬ በኋላ እንደማይጫወት ተናግሯል። ኔብራስካ ውስጥ በእነሱ አካባቢ ያለ የበቆሎ ገበሬ ሁሉ አጨዳውን አቋርጦ ሰማያዊ ኮፍያ ሲገዛ ሰንብቷል። የረስል አባት ብቻ ሲቀሩ።

ኤሚል የሚደግፉትን ቡድን ለመምረጥ ተቸግረው አያውቁም። ረስል ከማን ጋር እንደሚጫወት ይጠይቁና የዚያን ቡድን ኮፍያ በፖስታ ያስመጣሉ። ጓንታቸው ሲቀደድ በሽቦ የሚሰፉ ሰውዬ፣ ኮሪደሩን በባላጋራ ኮፍያ ሞልተውታል።

ቅያሜው የጀመረው ረስል ሁለተኛ ደረጃ ሊጨርስ ሲል ነው። ትምህርት ቤቱ በክፍለ ግዛቱ ውድድር ለፍጻሜ ደርሶ ነበር። ኤሚል የትምህርት ቤቱን ማሊያ ለብሰው፣ ድምፃቸው እስኪዘጋ ለልጃቸው ጮኹ። ረስል የወረወረውን ኳስ ሁሉ ግን ባላጋራዎቹ በዱላቸው መቱበትና ተሸነፉ፤ ልጁ አልቅሶ ከሜዳ ወጣ። ቤት ሲመለሱ አባትና ልጅ ጎተራው ጥግ ቆመው ለረጅም ሰዓት ተነጋገሩ። ዶሎረስ በወጥ ቤቱ መስኮት አይታቸዋለች። በማግስቱ ኤሚል ማሊያውን አቃጠሉት። ከዚያ ቀን ወዲህ አንድም ጊዜ የልጃቸውን ቡድን ሲደግፉ ታይተው አያውቁም።

እናትየው «እርሻውን ጥሎ ሊሄድ ስለሆነ ተቀይሞት ነው» ስትል ኖራ፣ ሳይታረቁላት ሞተች። ረስል ለገና ሲመጣ ሁለቱ ወንዶች ስለ በረዶና ስለ በቆሎ ያወራሉ። ስለ ቤዝቦል አንዲት ቃል አይተነፍሱም። ኤሚል «ዝም አይነቅዝም» ብለው የሚያምኑ ሰው ናቸው፤ ልጃቸውም እሳቸውን ነው የወጣው።

ጎረቤቷ ዋንዳ ከካልሲዋ እስከ ጆሮ ጌጧ ሰማያዊ ለብሳ፣ ኬክ ይዛ መጣች።

«ዛሬም ያንን ዱባ አናታቸው ላይ ደፍተውታል?»

«ደፍቶታል።»

«ተያቸው ባክሽ! አባትሽ እኮ ሲፈጥራቸው ምርጫ አያውቁም። የመረጡት ከንቲባ ይወድቃል፤ ያመሰገኑት ትራክተር ፋብሪካው ይዘጋል። በሕይወታቸው በደህና የመረጡት እናትሽን ብቻ ነው።»

ሌላ ቀን ቢሆን ዶሎረስ ትስቅ ነበር። ግን የአባቷ ልብ ደክሟል፤ ሐኪሙም የበረዶውን ወራት መሻገራቸውን እንጃ ብሏታል። አሁን የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው። አባትና ልጅ ሞት ሳይቀድማቸው ይታረቁላት።

ዋንዳ ስትወጣ ዶሎረስ ሰማያዊ ኮፍያ ይዛ ወደ አባቷ ገባች።

«አባዬ፣ ለዛሬ ብቻ። የመጨረሻው ጨዋታ እኮ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ስለ እማዬ ብለህ» አለችና፣ ብርቱካናማውን አውልቃ ሰማያዊውን ልታደርግላቸው እጇን ዘረጋች። ኤሚል ፍም እንደ ነካው ሰው ኮፍያውን ከእጇ መትተው ጣሉት።

«ከቤቴ አውጪልኝ! ሁለተኛ እንዳታስጠጊብኝ!»

«ልጅህ አይደለም?»

ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ብርቱካናማውን ኮፍያ ወደ ግንባራቸው ሳቡት። ባለፈው ሳምንት ረስል የፍጻሜውን የመጀመሪያ ጨዋታ ሲያሸንፍም ብድግ ብለው ጎተራ ገቡና በሩን ከውስጥ ዘጉ። ሲመለሱ ዓይናቸው ደም መስሎ ነበር። ሰው በልጁ ድል እንዲህ ይቃጠላል እንዴ? ዶሎረስ ኮፍያውን ከወለሉ አንስታ ወጣች፤ በዚያ ሰዓት አባቷን ጠላቻቸው።

ረስል ከሚወረውርበት ጨዋታ በፊት ሁሌ ይደውላል፤ ሁሌም ያንኑ ይጠይቃል። «አባዬ የማንን አደረገ?» እሷ መዋሸት አታውቅበትም። «የእነሱን» ትለዋለች። «እሺ» ብሎ ይዘጋል። ያቺ «እሺ» ስንት ዓመት አንጀቷን በልታዋለች። ዛሬ ግን ቆርጣለች። ውሸት ኃጢአት ከሆነም እሷ ትጠየቅበት።

ከሰዓት በኋላ ስልኩ ጮኸ። ከወንድሟ ጀርባ የተጫዋቾቹ ጫጫታ ይሰማል።

«ዶሊ።»

«ትከሻህ እንዴት ነው?»

«ለዛሬ ይበቃኛል። አባዬ የማንን አደረገ?»

ዶሎረስ በበሩ በኩል ብርቱካናማውን ኮፍያ አየች። ከዚያ ዓይኗን ጨፈነች።

«ያንተን» አለች። «ሰማያዊውን! ራሱ ነው አምጪልኝ ያለኝ። ልጄ ነው፣ ዛሬ ከልጄ ጋር ነኝ ብሎ አለቀሰ።»

በስልኩ የረስል ትንፋሽ ሲቆራረጥ ተሰማት። እያለቀሰ መስሏት እሷም ስታምቀው የኖረችውን እንባ ለቀቀችው።

«ረስ? ሰማኸኝ? አባዬ ዛሬ ካንተ ጋር ነው!»

«አውልቂበት!» ሲል ጮኸ ወንድሟ። «በፈጠረሽ ዶሊ፣ አሁኑኑ አውልቂበትና የእነሱን አድርጊለት! እሱ የደገፈኝ ቀን ምን እንደሆንኩ ረሳው? አባዬ በመጨረሻዬ ቀን እንዲህ የሚጨክንብኝ ምን አድርጌው ነው?»