የትዕዛዙ ባሕር

«እጅዎን ከውሃው እንዳያወጡ፣ እማማ። ውሃው ከቆመ ይታፈናል።»

ትዕዛዙ ይህን ሲል አንድ እጁን ኮቱ ውስጥ አስገብቷል፤ ሌላው ገና እስከ ክርኑ ውሃ በሞላው የመስታወት ሣጥን ውስጥ ነው። ጎህ ሲቀድ የወረደ መብረቅ የሰፈሩን የመብራት ምሰሶ ገንድሶ ጥሎታል። ውሃውን የሚያንቀሳቅሰው ፓምፕም ማሞቂያውም ከዚያ ወዲህ ቀጥ ብለዋል። ሦስት ሰዓት ሙሉ ውሃውን በክንዱ ሲያማስል ቆይቶ፣ አሁን መምህር ነውና ብሔራዊ ፈተና ሊፈትን መሄዱ ግድ ሆነበት። ፈታኙ ሳይገባ ወረቀት አይታደልም።

ወይዘሮ የሻረግ አከራዩ ናቸው፤ እንጅባራ ገበያ ቅቤ እየሸጡ አምስት ልጆች ያሳደጉ ሴት። የመጡት እንዴት አደርክ ሊሉ ብቻ ነበር። የተከራያቸውን ፊት ሲያዩ ግን ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩና እጅጌያቸውን ሰበሰቡ።

«ስንት ሰዓት ትመለሳለህ?»

«ሰባት ሰዓት። የቴርሞሜትሩ ቀይ መስመር ከዚህች ምልክት በታች ሲወርድ፣ ፍል ውሃ በሃይላንድ ሞልተው ያንሳፍፉበት። ዋናው ግን እጅዎ ነው። አይፍጠኑ፣ ግን አያቁሙ።»

«ወተት ስንጥ የኖርሁ ሰው ነኝ። ስለ ክንድ አንተ ነህ የምትነግረኝ? ይልቅ ሂድ!»

ሄደ። በሩ ላይ ሁለት ጊዜ ዞሮ አየ።

በሣጥኑ ጨለማ ጥግ፣ ድንጋይ ላይ የበቀለው ነገር ተኮማትሮ እንደ እርጥብ ጨርቅ ተንጠልጥሏል። ትዕዛዙ ለስላሳ ኮራል ይለዋል። አበባ ሳይሆን እንስሳ ነው ብሎ የማለላቸው ዕለት ስቀውበት ነበር። ያመጣለት ወንድሙ ሽመክት ነው፤ የጅቡቲ መስመር ሾፌር ነው፤ ከነድንጋዩ፣ ከነባሕሩ ውሃ በጀሪካን አድርጎ። የመጀመሪያው በሳምንቱ ሞተ፤ ሁለተኛው በወሩ። ሰው ሁሉ ተወው አለው። እሱ ሦስተኛ አስመጣ።

ይኸኛው ዘር እንደ ሌሎቹ ኮራሎች ብርሃን አያጠግበውም። በዓይን የማትታይ፣ በሕይወት ያለች ምግብ በየሁለት ሰዓቱ ካልቀመሰ ይከሳል። ስለዚህ መምህሩ መስኮቱ ላይ በደረደራቸው ሃይላንዶች አረንጓዴ ውሃ ያረባል፤ በሲሪንጅ ጠብታ በጠብታ ያጎርሰዋል። በእረፍት ሰዓት ከትምህርት ቤት እየሮጠ ሲመጣ፣ ወይዘሮ የሻረግ ቤቱ ውስጥ ሴት የደበቀ መስሏቸው ነበር። ጥሊሊ ላይ የጓደኛውን ሰርግ ጥሎ በሚኒባስ የተመለሰ ዕለት ደግሞ «ይኸ ልጅ ሳይለከፍ አልቀረም» ብለው ለጎረቤት አውርተዋል።

የተለከፈው ልጅ ያንን ፍጡር ይኸው ዓመት ከሁለት ወር አኑሮታል።

የመጀመሪያው ሰዓት ቀላል ነበር። በሁለተኛው ትከሻቸው መንደድ ጀመረ። ጨዉ የተሰነጣጠቀ መዳፋቸውን ለበለባቸው። ክንድ ቀየሩ። በእግራቸው የከሰል ምድጃውን ወደ ራሳቸው ሳብ አድርገው ማንቆርቆሪያውን ጣዱበት፤ በአንድ እጅ ፍሉን ቀዱ፤ ሃይላንዱን አንሳፈፉ። ቀዩ መስመር ተመልሶ ወደ ላይ ወጣ።

«እማማ የሻረግ! ቅቤ አለ?» ደንበኛቸው ማናለብሽ ናት፣ ከአጥር ውጭ።

«ዛሬ የለም!»

«ምነው፣ ታመሙ እንዴ?»

«ሥራ ላይ ነኝ! ሂጂ!»

በሦስተኛው ሰዓት ላይ ዓይናቸው ሲሪንጁ ላይ አረፈ። ምግቡን አብሉልኝ አላላቸውም፤ አፍሮ ይሆናል። እሳቸው ግን ስንት ቀን በበሩ ቀዳዳ አይተውታል! በግራ እጃቸው አረንጓዴውን ውሃ ሳቡ፤ ቀኛቸው ከሚገፋው ውሃ ፊት ለፊት አንዲት ጠብታ ለቀቁ። ጠበቁ። ሌላ ጠብታ። ከዚያ እንደ ዓመለኛ ጊደር በአዊኛ ያባብሉት ጀመር፤ አማርኛ የሚገባው አልመሰላቸውም።

መጀመሪያ አንድ ቅርንጫፍ ብቻ አበጠ። ቀጥሎ ግንዱ ውሃ እየሳበ ቀና አለ፤ እንደ ብርጭቆ ጠራ፤ በውስጡ ስንጥር የመሰሉ ቀያይ አጥንቶች ታዩ። ከዚያ በየጫፉ ያሉት እፍኝ እፍኝ ቡቃያዎች ተራ በተራ ተከፈቱ፤ እያንዳንዷም ከገብስ ፍሬ የምታንስ፣ ጣት ያላት እጅ ነበረች። ጣቶቹ ከውሃው ምግብ ያጠምዳሉ፣ ይታጠፋሉ፣ ደግሞ ይዘረጋሉ።

ወይዘሮ የሻረግ አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። ክንዳቸው ግን አልቆመም።

«እሰይ፣ አንተ ልጅ» አሉ በሹክሹክታ፤ ኮራሉን ሳይሆን ትዕዛዙን ነበር። «ይኸን ነው ለካ ስታይ የኖርኸው!»

ሰባት ሰዓት ሲሆን በሩ ተበርግዶ ተከፈተ። ትዕዛዙ ዝናብ አብስብሶት፣ ከሩጫው የተነሣ እያለከለከ ቆመ። መብራት አሁንም አልመጣም።

«እማማ፣ እንዴት…»

ሲሪንጅ በያዘው እጃቸው ዝም አሰኙት። «ቀስ! በሩን ቀስ አድርገህ ዝጋው። እየበላ ነው።»

ዘጋው። በጉልበቱ ተንበርክኮ አጠገባቸው ደረሰ፤ ለረጅም ጊዜ አየ። ከዚያ እርጥብ ኮቱን አውልቆ፣ ሊያሳርፋቸው ክንዱን ወደ ውሃው አስገባ። ወይዘሮ የሻረግ ትንሽ ጠጋ አሉለት እንጂ እጃቸውን አላወጡም። ፍጡሩ በሁለቱ ክንዶች ማዕበል መሐል፣ ጣቶቹን ሁሉ ዘርግቶ ይወዛወዛል።